የምርጫ ካርድ ፈልጌ አክስት አገኘሁ

የ2013ቱ ምርጫ ሰሞን ነው። ከፒያሳ ለቅቄ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ። መታወቂያዬ ግን አልገባም። እሱ አሁንም ፒያሳ ነው የሚኖረው።

ያኔ ምዝገባው ምርጫ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ነበር። ምርጫ ጣቢያ ትሄዳለህ፣ መዝገብ ላይ ትሰፍራለህ፣ ካርድህን ይዘህ ትወጣለህ። ቤት ለቀየረ ሰው እንዲያውም ይቀላል ብዬ ነበር። ከብሎካችን ጀርባ ወዳለው ጣቢያ ወረድኩ። ማስኳን እስከ ዓይኗ የሳበች ልጅ መታወቂያዬን አገላብጣ አየችው።

«የዚህ አካባቢ ነዋሪ አይደለህም እኮ።»

«ነኝ! ያ አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣው ሱሪ የኔ ነው።»

ሱሪ ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። መሸኛ አምጣ።

መሸኛ ያወጣ ያውቀዋል። የድሮው ወረዳዬ (ስሙ ይቆየን) ስሄድ መጀመሪያ ሲስተም አልነበረም። ሲስተሙ ሲመጣ ባለሙያዋ ስብሰባ ገባች። እሷ ስትወጣ የምሳ ሰዓት ደረሰ። በስንት መከራ ፋይሌ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ጥጉን አይጥ የቀመሰው ቢጫ ክላሰር፣ ላዩ ላይ የቤት ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ። ባለሙያዋ አቧራውን እፍ አለችብኝና ማንበብ ጀመረች።

«ከቤተሰብ ኃላፊዋ ጋር ያለህ ዝምድና፣ የእህት ልጅ። በል አክስትህ ይምጡና ይፈርሙ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተከራይ መታወቂያ እንዲያወጣ የሆነ ቤት ፋይል ውስጥ መግባት አለበት። አከራዬ እትዬ ያኔ «ምን ችግር አለው፣ የእህቴ ልጅ ነው» ብለው አስመዘገቡኝ። እትዬ እህት የላቸውም።

ደወልኩላቸው። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ከች አሉ። እንዲፈርሙ ብቻ ነበር የጠራኋቸው። እሳቸው ግን ወረፋ የያዘውን ሕዝብ ሲያዩ ልባቸው ተነካ መሰለኝ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«እንግዲህ ልጄም ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

«እትዬ፣ ከሄድኩ ቆየሁ እኮ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሰማችሁ? አክስቴ እንኳን አይለኝም። እትዬ ነው የሚለኝ!»

አለቀልኝ። ከኋላዬ የቆሙ አንድ አዛውንት «የዘንድሮ ልጅ!» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሕፃን ያዘለች ሴት «ውለታ በላ» ብላ ፊቷን አዞረች። ባለሙያዋ ሳትቀር ማህተሙን አስቀምጣ «ለመሆኑ ያሳደጉህን ሴትዮ ማን ሊጦራቸው ነው?» አለችኝ። ምን ልበል? አክስቴ አይደሉም ብል ከፋይሉ ጋር ልጣላ ነው። ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ የባሰ ጨካኝ መሰልኩ።

ባለሙያዋ እንደ ደንቡ «የሚፈለግበት ዕዳ አለ?» ብላ ጠየቀች። የእትዬ እንባ በቅጽበት ደረቀ።

«የመብራት ሦስት መቶ ብር አለብህ አይደል፣ ልጄ?»

የመጨረሻውን መብራት ከፍዬ ነው የወጣሁት። ደረሰኙ ግን የት ይገኛል? ደግሞ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ከአሮጊት አክስቴ ጋር በሦስት መቶ ብር ልከራከር? ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ብሩን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ግንባሬን ሳሙኝና ፈረሙ። አዛውንቱም «እንዲህ ነው እንጂ» አሉኝ።

መሸኛዬን እንደ ጽላት ይዤ ምርጫ ጣቢያ ደረስኩ። ልጅቷ አነበበች። ቀና አለች።

«ይሄ የተጻፈው ትናንት ነው።»

«አዎ፣ ትኩስ ነው!»

«አዋጁ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ነው የሚለው። በመሸኛህ መሠረት እዚህ አንድ ቀንህ ነው።»

አዲስ አበባ ውስጥ ወረዳው ከመቶ በላይ ነው፣ የምርጫ ክልሉ ግን 23 ብቻ። ጎረቤት ወረዳ ብገባ ኖሮ ምናልባት እዚያው ክልል ውስጥ እሆንና እገላገል ነበር። እኔ ደግሞ ርካሽ ቤት ብዬ ከተማውን አቋርጬ ነው የመጣሁት። ፒያሳ እንዳልመዘገብ ተሸኝቻለሁ። አባዶ እንዳልመዘገብ ገና አልደረስኩም።

ከጥቅምት ጀምሮ እንዳለሁ የኪራይ ውሌ ይመሰክራል ብዬ ውሉ እጁ ላይ ላለው አዲሱ አከራዬ ደወልኩ። «የምን ውል? የምን ኪራይ?» ብሎ ዘጋው። ግብር መስሎታል። በኋላ የብሎካችን ጥበቃ ነው የደረሰልኝ። ፍራሼን አራተኛ ፎቅ ያወጣው እሱ ስለነበር ቀኑን አልረሳውም፤ ወገቡ ያስታውሰዋል። የነዋሪዎች ኮሚቴው የእሱን ቃል ይዞ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እስከዚያ ምዝገባው ባይራዘም ኖሮ ደብዳቤውን ቤቴ ግድግዳ ላይ ነበር የምሰቅለው። ደግነቱ ተራዘመ፣ ካርዷም ተገኘች።

ሰኔ 14 መርጬ፣ ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ገና ሳይለቅ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ነገ ጠዋት ወረዳ እንገናኝ። ላንተ ክፍል አዲስ ተከራይ አስገብቻለሁ፣ መታወቂያ ሊያወጣ ነው። ታላቅ ወንድሙ መጥቶ ይመሰክራል ብያቸዋለሁ።»