ማዴሊን

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የስዊድን የበቀል ፊልም አይተን እስካሁን እየተከራከርን ነው። «ትሪለር፦ ኤ ክሩዌል ፒክቸር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በትንሽ በጀት የተሠራ ነው። ማዴሊን በልጅነቷ ተደፍራ መናገር አቁማለች። አድጋ ደግሞ አንድ ሰው ሄሮይን አስለምዶ ገላዋን ይነግድበታል። እምቢ ስትል አንድ ዓይኗን ያጠፋል። እሷም መኪና መንዳት፣ ተኩስና ካራቴ ተምራ ትበቀላለች።

ጓደኛዬ «ስሎው ሞሽኑ በዛ፣ እንቅልፍ ያመጣል» አለ። እኔ ዝግታውን ወድጄዋለሁ። ማዴሊንን የምትጫወተው ክሪስቲና ሊንድበርግ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ልብ ትሰቅላለች! አሜሪካዊው ዳይሬክተር ታራንቲኖም ለ«ኪል ቢል» ፊልሙ ባለ አንድ ዓይን ገዳይ መነሻ ያደረጋት እሷን ነው።

ያናደዱኝ የወሲብ ትዕይንቶቹ ናቸው። ለተበደለችው ሴት የሚቆረቆር ፊልም እንዴት መልሶ ገላዋን ይሸጣል? ማየት የምትፈልጉ እነሱ የተቆረጡበትን ቅጂ ፈልጉ።