ቁመት የሚለው ቦታ ባዶ ነበር

"ዶክተር፣ ዩኒፎርሟ የአምናው ነው። ርዝመቱ ልክ ነው። ወገቡ ግን አልዘጋ አለ።"

እናትየው ይህን ያለችኝ ስለ አመጋገቧ ስጠይቃት ነው። ልጅቷ አስር ዓመቷ ነው። የሪፈር ወረቀቷ "ውፍረት፤ የአመጋገብ ምክር ተሰጥቷል" ይላል። ካርዷን አገላበጥኩ። ክብደቷ በየቀጠሮው ተጽፏል። ቁመት የሚለው ቦታ ሁሌም ባዶ ነው።

ከምግብ ብዛት የወፈረ ልጅ ቁመቱም አብሮ ይጨምራል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከእኩዮቹ ረዘም ይላል። ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ ባለበት የቆመ ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ስለ ስቴሮይድ ጠየቅኩ፤ መድኃኒቱም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ክኒን፣ የቆዳ ቅባት፣ የአስም ፓፍ፣ ምንም አልወሰደችም። ፊቷ ክብ ብሎ ቀልቷል። ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ ሸንተረር አለ። የደም ግፊቷ ለዕድሜዋ ከፍ ያለ ነው።

የ24 ሰዓት ሽንቷ ላይ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በጣም ከፍ ብሎ መጣ። እኩለ ሌሊት ላይ መውረድ ሲገባውም አልወረደም። ኮርቲሶል እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን፣ ኤሲቲኤችም ከፍ እንዳለ ነው። ኤምአርአዩ አንጎል ሥር ባለችው የፒቱታሪ ዕጢ ላይ ከ10 ሚሊሜትር ያነሰች ቱሞር አሳየን። መታየቷም ዕድል ነው፤ ኮርቲሶል ከመጠን በላይ በሚበዛበት በሽታ፣ በልጆች ኩሺንግ ላይ ቱሞሯ ከማነሷ የተነሳ ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ያልፋታል። በአፍንጫ በኩል በቀዶ ጥገና ወጣችላት። ሰውነቷ የራሱን ኮርቲሶል በደንብ ማምረት እስኪጀምር ኮርቲሶልን የሚተካ መድኃኒት፣ ሃይድሮኮርቲዞን ትወስዳለች። ቁመቷም መጨመር ጀምሯል።

ውጤቱን የነገርኳት ቀን እናትየው አለቀሰች። ያስለቀሳት ግን የበሽታው ፍርሃት አልነበረም። "እጇን እየመታሁ ከመሶቡ አስነሳኋት እኮ" አለችኝ። ኮርቲሶሉ ራሱ እንደሚያስርብ ደጋግሜ ነገርኳት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጅቷ በገዛ ቤቷ ሆዳም ተባለች፤ እናቷም ያደረገችው ሐኪም ያዘዛትን ነው።

ለላከልን ሐኪም የመልስ ወረቀት ጻፍኩለት። ደወለልኝ።

"ወፍራም ልጅ ሁሉ ቱሞር አለበት ልትይ ነው?"

"የለበትም። በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። እነሱን ለመጠርጠር ግን ቁመት መለካት አለበት።"

"የቁመት መለኪያችን ከተሰበረ ቆየ እኮ።"

"የልብስ ሰፊ ሜትር ግዛና ግድግዳው ላይ ለጥፍ" አልኩት። "ዛሬውኑ።"