«መግቢያው ስንት ነው?»

እኛ ታፔላ ሠሪዎቹ ጋ የታዘዘው ላይትቦክስ (ከውስጡ መብራት ያለው ታፔላ) 3 ሜትር በ80 ሳንቲም፣ ጽሑፉ ደግሞ «የልጆች መጫወቻ» ነበር። ሱቁ ባሕር ዳር፣ ወደ ጣና ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንደኛ ፎቅ ነው። ባለሱቋ ፊደሉ በባጃጅ እየበረረ ለሚያልፍ ሰው ሳይቀር እንዲነበብ ትፈልጋለች።

ናሙናው በኤ4 ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ ከብሩሽ ዘመን ጀምሮ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩት ጋሼ አነሱት። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ናቸውና ግስ ካዩ ዝም ብለው አያልፉም።

«እታለም፣ ይሄ ዕቃ ነው ቦታ?»

«የቱ?»

«መጫወቻው።»

«ጋሼ ደግሞ! መጫወቻ ነዋ። ኳስ አለ፣ መኪና አለ፣ አሻንጉሊት አለ።»

ጋሼ ወንበር ሳቡ። ወንበር ከሳቡ ደግሞ ማሽን ቢቆምም አይነሱም። «ተጫወተ» ካሉ በኋላ ከፊቱ «መ»፣ ከኋላው «ኢያ» ሲገባበት የመጨረሻው «ት» ወደ «ች» ይለሰልስና «መጫወቻ» ይሆናል። «ከፈተ» መክፈቻ፣ «ቆረጠ» መቁረጫ፣ «ነዳ» መንጃ እንደሚሉት ማለት ነው። ችግሩ ይህ አወጣጥ አንዴ መሣሪያን፣ አንዴ ቦታን፣ አንዳንዴም ሁለቱን አንድ ላይ ይጠራል። መክፈቻ ያው ዕቃ ነው፤ መውጫ ቦታ ነው። መቀመጫ ግን በርጩማውም ነው፣ የሚቀመጡበት ስፍራም ነው፣ ሰው ፊት በጨዋ ደንብ የማይጠራውም አካል ነው። መጫወቻ ከዚህኛው ወገን ነው፤ አሻንጉሊቱም መጫወቻ፣ ሜዳውም መጫወቻ።

ዲዛይነሩ ልጅ «ታዲያ አሻንጉሊት ቤት እንበለው» አለ። ይሄም አላለፈም። በከተማው ሱቅ ሁሉ ነገር አሻንጉሊት ቢባልም፣ ቃሉ በደንቡ የሰው ወይም የእንስሳ ምስል ላለው ነው፤ ኳስና ብስክሌት አሻንጉሊት አይሆኑም። በዚያ ላይ «አሻንጉሊት መንግሥት» ሲባል የሰማ ደንበኛ፣ አሉ ጋሼ፣ ሱቁን በሌላ ዓይን ያየዋል። (ይሄኛው ስጋት ለእኔ የተጋነነ ነው።)

የጋሼ ሐሳብ «የልጆች መጫወቻ ዕቃ መሸጫ» ነበር። እዚህ ላይ ሂሳቡ መጣ። ከ3 ሜትሩ በግራና በቀኝ 15፣ 15 ሳንቲም ኅዳግ ሲወጣ 270 ሳንቲም ይቀራል። «የልጆች መጫወቻ» ስምንት ፊደልና አንድ ክፍተት ስለሆነ ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲም ይደርሰዋል። «ዕቃ መሸጫ» ሲጨመር አሥራ ስድስት ቦታ ይሆንና ፊደሉ ወደ 17 ሳንቲም ይወርዳል። በዚያ መጠን ማታ መብራቱ ሲበራ የቀጫጭኑ ፊደል ዳር በብርሃን ይዋጣል፤ ጫ እና ጨ በሚለያዩባት እግር ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሁለት መስመር ማድረግ ይቻል ነበር። ባለሱቋ ግን «ፊደሌን አታሳንሱብኝ» ብላ ናሙናው ላይ ፈረመች።

ላይትቦክሱ የተሰቀለው ዓርብ ነው። እሑድ ከጣና ዳር ሽርሽር የሚመለስ አባት ሦስት ልጆች ይዞ ደረጃውን ወጣ።

«መግቢያው ስንት ነው?»

«የምን መግቢያ?»

«የመጫወቻው።»

ሁለቱ ይህን ሲነጋገሩ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ለአንድ ልጅ በተሠራች የባትሪ መኪና ላይ አብረው ወጥተዋል። እነዚህ መኪኖች ከኋላ ጎማቸው ጋር ያለው ጥርስ ፕላስቲክ ነው። ክብደት ሲበዛበት ሞተሩ ይዞራል፣ ጥርሱ ይላጫል፣ መኪናው ድምፅ ብቻ ይቀረዋል። እንዲያ ሆነ። አባትዬው ካሳ ሲጠየቅ በመስኮቱ ወደ ታፔላው ጠቆመ፦ «መጫወቻ ብላችሁ ጽፋችሁ ልጅ አይጫወት ልትሉ ነው?»

ሰኞ በጠዋት ባለሱቋ እኛ ጋ ገባች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«የሰው መጫወቻ አደረጋችሁኝ!»

ጋሼ ቀና እንኳ ሳይሉ «ይሄ ሦስተኛው ፍቺ ነው» አሉና ፋይሉን ከፍተው የፈረመችበትን ናሙና አወጡ።

በነጻ አስተካክሉልኝ አለች። ማስተካከል ሲባል ቀላል ይመስላል። የፊደሉ ስቲከር በሙቀት ይላቀቃል፤ ሙቀቱ ከበዛ ግን ፊት ላይ የተወጠረው ፍሌክስ (የፕላስቲክ ሸራው) ይለጠጥና ሆድ ያወጣል። የሙጫው ትራፊም ካልጸዳ አቧራ እየያዘ የድሮውን ፊደል መልሶ ያሳያል። ስለዚህ ፊቱ ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል፤ ብረቱና አምፖሉ ብቻ ይተርፋል። የፊቱን ዋጋ ስትሰማ ዝም አለች።

የማላደንቃት ሴት አይደለችም። ታፔላውን እንዳለ ትታ ሱቁን ለታፔላው አስተካከለችው። ጥርሱ የተቀየረላትን መኪና ከሌላ አንድ ጋር ኮሪደሩ ላይ አውጥታ በደቂቃ ማስከፈል ጀመረች፤ መጫወት የመጣ ልጅ መጫወቻ ሳያስገዛ አይወርድም።

ባለፈው ተመልሳ የመጣችው ለስቲከር ነው። መኪናዎቹ ላይ የሚለጠፍ፣ 20 ሳንቲም በ10፣ «የመጫወቻ ዋጋ 30 ብር» የሚል። ዲዛይነሩ ልጅ ፕሎተሩ (የስቲከር ማሽኑ) ላይ ሊለቀው ሲል ጋሼ ያዙት፦

«እታለም፣ መኪናዋን በ30 ብር አንስቶ የሚወርድ ሰው ቢመጣ ማን ሊመልሰው ነው?»

ፋይሉ እስካሁን ያልታተመ ትእዛዝ ውስጥ ነው።