ሌባዋን ወይዘሮና አሳዳጇን እንዴት እንደጻፍኳቸው

ልቦለዱን ስጀምር በእጄ የነበረው ይህ ብቻ ነው፦ በክፉ ቀን ከባለጎተራ እየሰረቀች ለተራበ የምታድል የአንኮበር ወይዘሮ፣ እሷን ሊይዝ የሚከተላት ሰው፣ ከዚያ ፍቅር።

ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፣ እርሻ ቆመ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሕዝቡ እስከማሳየት ደረሱ። እንዲህ ባለ ጊዜ እህል ቀብሮ ዋጋ ከሚጠብቅ ሰው የምትሰርቅን ሴት አንባቢ ወዲያው ይወዳታል። ደግነቷን በመግለጽ ገጽ አልፈጀሁም።

ከባዱ አሳዳጁ ነበር። ያኔ ሌባ ሲጠፋ ሌባ ሻይ፣ ማለትም ሌባ ፈላጊ፣ ይጠራል። አንድ ልጅ መድኃኒት የገባበት ወተት ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ራሱን ይስታል፤ ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት የያዘ ሰው ከኋላው እየተከተለ፣ ልጁ እየወደቀ እየተነሳ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የኔን ሰውዬ መቀነት ያዡ አደረግኩት። ልጁ ምንም የማያውቅ ድሃ ደጅ ሲወድቅ ስንቴ አይቷል! አንድ ቀን በወይዘሮዋ ደጅ ሲያልፉ ከነጠላዋ የጉድጓድ እህል ሸተተው። መሬት ውስጥ የከረመ እህል ሽታው ለብቻው ነው፣ ልብስም አይለቅም። አወቀ። መቀነቱን ጠቅልሎ ልጁን ወደ ሜዳው ሳበው። ለኔ ፍቅሩ የተጀመረው እዚህ ነው።

ማሳደዱን ለመጻፍ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በእግሬ ወረድኩ። ላይ ጉም ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ታች ስትደርስ ልብስ ያስወልቃል። በርኖሷን ቁልቁለቱ ላይ ጥላ እንድትሄድ ያደረግኩት ለዚህ ነው፣ የሚያገኘውም እሱ ነው።

ከሁሉ የረዳኝ ግን ቁራኛ ነው። የምትጽፉ ካላችሁ ሽማግሌ ስታገኙ ስለ ንጉሡ ብቻ አትጠይቁ፣ ሰው እንዴት ይካሰስ እንደነበር ጠይቁ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ተቆራኝተው ነበር የሚሄዱት። በልቦለዱ ወይዘሮዋን የከሰሳት ባለጎተራ መንገዱን ጠልቶ አሳዳጇን በቦታው ላከ፣ የኩታው ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ተቋጠረ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ካንድ ገበታ ይቆርሳሉ።

«እመቤቴ፣ ቋጠሮው ጠብቆብዎት ይሆን?»

«የቋጠርከው አንተ፣ የምትጠይቀኝ አንተ!»

እዚህ ምዕራፍ ውስጥ «እወድሻለሁ» የሚል የለም፣ አላስፈለገም።

መጨረሻውንም ያገኘሁት ከዚያው ከችሎቱ ነው። ዳኛው ዋስ ጥሪ ሲሏት ዘመዶቿ አንገታቸውን ደፉ፣ የተነሳው አሳዳጇ ነው። ተከሳሽ ከጠፋ ዕዳው የዋሱ ነው። በዚያ ሌሊት በቅሎዋ ተጭና ደጅ ቆማ ነበር፣ ወይዘሮዋ ኮርቻውን አስወረደች።