የ100 ቀን እርሻዬን በአንድ ክሊክ ያጠፋሁት እኔው ነኝ

ሰሞኑን ስታርዲው ቫሊ የሚባለው ጌም ላይ ነኝ፣ እንደገና። "እንደገና" የምትለዋን ልብ በሉልኝ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈው በሷ ምክንያት ነው። ጎን ለጎን ሆሎው ናይት የሚባል ሌላ ጌም ጀምሬያለሁ፣ እሱ ላይ ስሞት ያጠራቀምኩት ሁሉ እዛው ከጥላዬ ጋር ይቀራል፣ ያናድዳል፣ ግን ተመልሼ ጥላዬን ገድዬ አመጣዋለሁ። እዚህኛው ላይ የሄደብኝ ሄደ።

ለማታውቁት፣ ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰውዬ ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ለፍቶበት በፈረንጆቹ 2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። ትዘራላችሁ፣ ታጠጣላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ትተኛላችሁ። ሴቭ የሚያደርገው ስትተኙ ነው፣ ይቺን ያዙልኝ።

አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ጌሙን ጫንኩ፣ አካውንቴን አስገባሁ፣ ሠራ።

አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ግን ለሳምንታት ኢንተርኔት ሳልከፍት ነበር የምጫወተው። ስለዚህ ክላውድ (ሴቩ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ያለው ፋይል በጌሙ አቆጣጠር የመጀመሪያው ዓመት ዊንተር 3፣ ማለትም የበረዶው ወቅት 3ኛ ቀን ላይ ቆሟል፣ አሮጌው ላይ ያለው ደግሞ ሁለተኛው ዓመት ፎል (መኸር) 20 ደርሷል። አዲሱ ላይ ስከፍተው እርሻው በረዶ ለብሷል። ማቆም የነበረብኝ እዚህ ጋር ነው! እኔ ግን "አይ ገና አልደረሰም፣ ይመጣል" ብዬ እስክሪኑ እንዴት እንደሚያምር ልየው እያልኩ ትንሽ ዞር ዞር ብዬ፣ ዶሮዎቹን ነካ ነካ አድርጌ፣ ገብቼ ተኛሁ። በቃ፣ የድሮው ፋይል የዛሬን ቀን ይዞ ክላውድ ላይ ወጣ።

ማታ አሮጌውን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘሁት። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፣ ሁለቱ ፋይሎች ይለያያሉ፣ የቱን ልያዝ? ትላለች። ከሥር ያለው ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ስንተኛ ዓመት እንደሆነ የለም፣ ወቅቱ የለም፣ ምንም። አንዱ የዛሬ፣ አንዱ ከሦስት ቀን በፊት። ማንም ጤነኛ ሰው አዲሱን ነው የሚመርጠው አይደል? ሁለት ሴኮንድ አልፈጀብኝም። ጌሙ ሲከፈት በረዶ።

ማመን አቃተኝ፣ ዘግቼ ከፈትኩት፣ በረዶ። ከዛ ትዝ አለኝ፣ ጌሙ እኮ የትናንቱን ሴቭ ስሙ መጨረሻ ላይ "ኦልድ" ብሎ እዛው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። እጄ እየተንቀጠቀጠ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ስታርዲውቫሊ፣ ሴቭስ እያልኩ ገባሁ፣ አገኘሁት፣ ስሙን ቀይሬ ከፈትኩት። ዊንተር 3። ለካ ክላውዱ ፎልደሩን እንዳለ ነው የቀየረው፣ መጠባበቂያውንም ጭምር።

የጠፋው 100 ቀን ገደማ ነው። አንዱ ቀን 14 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ቁጭ ብላችሁ አባዙት፣ 23 ሰዓት ይሆናል። የሚያንገበግበኝ ግን ሰዓቱ አይደለም። ኮሙኒቲ ሴንተሩን (የሚጠየቀውን ዕቃ እያስገባችሁ የምታድሱት ሕንፃ ነው) ለመጨረስ አንድ ቀይ ጥቅል ጎመን ብቻ ነበር የጎደለኝ፣ ዘሩ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ሰመር ነው። ያን ሁሉ ጠብቄ፣ ዘርቼ፣ አስገብቼ፣ ሕንፃው ታድሶ አይቼዋለሁ እኮ!

ለደንበኞች ድጋፍ (ሰፖርት) ጻፍኩ። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣ፣ "ክላውድ ሴቭዎ በርቷል፣ ፋይልዎ ደህና ነው" ይላል። አዎ ደህና ነው፣ ያጠፋብኝ እሱ ነው! ደግሜ ብጽፍ ያንኑ መልስ ኮፒ አድርገው ላኩልኝ።

እና እኔን ከሰማችሁኝ ክላውድን ባክአፕ ብላችሁ አትጥሩት። ስህተታችሁንም በታማኝነት ኮፒ የሚያደርግ ነገር ነው። ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት የሴቭስ ፎልደሩን በፍላሽ ያዙ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ መስኮት ከመጣች ምንም ሳትመርጡ ዝጉት፣ ፎልደሩን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ ከዛ እንደፈለጋችሁ ምረጡ። "ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር) አትንኩ፣ ሴቭ ያበላሻል" የሚሏችሁንም እኔ ድሮ አምኜ ነበር፣ ስማፒ የሚባለው ሞድ መጫኛ ግን ሴቭ ባክአፕ አብሮት ይመጣል፣ የመጨረሻዎቹን 10 ኮፒዎች ለብቻ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ሞድ ፈርቼ ነው የተቃጠልኩት፣ አሁን መጀመሪያ የምጭነው እሱን ነው።

ከዊንተር 3 ነው የቀጠልኩት፣ ሁለት ሳምንት አኩርፌ ከቆየሁ በኋላ። አሁን ሁለተኛው ዓመት ሰመር 7 ላይ ነኝ። ጎመኑን ሰመር 1 ላይ ተከልኩት፣ ዘጠኝ ቀን ነው የሚፈጀው፣ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ፍላሹ ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካ ነው።