ሽቦና ዶቃ፣ ከዚያ እምዬ

ሰሞኑን ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም። የከፋኝ ነገር የለም። ክረምት ሲገባ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገኛል። እንዲህ ሲሆንብኝ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ፣ ዶቃዎቼን ትሪ ላይ ዘርግፌ እቀመጣለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤም ያርፋል።

ዛሬ የጀመርኩት ጉትቻ ነው፤ ትልቋ እህቴ ለመልሱ ቀን የምታደርገው። ሽቦው መዳብ ነው። ቤት ሲታደስ የተረፈ የመብራት ገመድ ነበር፣ ፕላስቲኩን ልጬ አወጣሁት። ግን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ የሽቦው ውፍረት 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለአምባር እንጂ ለጆሮ አይሆንም። ለጆሮ 0.8 ይበቃል፤ ለመጠምጠሚያ ደግሞ 0.4። ቀጭን ቀጭኑን ከመርካቶ ነው የምገዛው።

መዳብ ጠባይ አለው። መጀመሪያ እንደፈለጉት ይታጠፋል። አጥፈው ሲያቃኑት፣ አጥፈው ሲያቃኑት ግን ይደድርና ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሲደድርብኝ በጉጠት ይዤ ቡታጋዝ ላይ እስኪቀላ አግለውና ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ቢላዋ የሚሠራበት ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፤ መዳብ ግን መልሶ ይለሰልሳል። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። እሳቱ ያጠቆረውን በሎሚና በጨው ሳሸው ይጠራል።

ዶቃውን አስገባለሁ። ከአናቱ ትንሽ ከፍ አድርጌ ሽቦውን አጥፋለሁ። በሾጣጣው ፒንሳ አዙሬ ቀለበት አወጣለሁ፤ የተረፈውን አንገቱ ላይ ሁለት ሦስቴ ጠምጥሜ እቆርጠዋለሁ። የተቆረጠው ጫፍ በደንብ ካልተጫነ ወይ ጸጉር ይይዛል ወይ የነጠላ ክር ይመዛል። ሰው ጉትቻ ሲያይ ዶቃውን ነው የሚያየው። የእኔ ዓይን የሚሄደው ያቺ የተጠመጠመች አንገት ላይ ነው። የሠሪዋ እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው።

እና ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ እንደገና ቢጫ እያልኩ ስደረድር እጄ ቆመ። ይሄን አሰላለፍ የት ነው የማውቀው?

እምዬ፣ አያቴ፣ ሙዳይ ነበራት። አለላው የደበዘዘ፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት፣ ልጅ እንዳይነካው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ። ውስጡ ጨሌ የሚባለው ዶቃ ነበር። እኛ ቤት ጨሌ ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እናንተም ቤት ሳይሆን አይቀርም። ከእናቷ ነው የወረሰችው፣ እናቷም ከእናታቸው። በኦሮሞ እናቶች ዘንድ የመውለድ መንፈስ የምትባለው አቴቴ ስትከበር ጨሌ ይደረጋል፤ መውለድ፣ የልጅ ጤና፣ የከብት መርባት ይለመናል። እምዬም ቀኑ ሲደርስ ሣር ጎዝጉዛ፣ ቡናዋን አፍልታ፣ ጨሌዋን አንገቷ ላይ ታደርግ ነበር። እሁድ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄዳለች። እሷ ዘንድ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም።

በኋላ ቤተሰቡ መክሮ ሙዳዩ ከቤት ወጣ። ጸበል ቦታ ተወስዶ ተቃጠለ ተባለ። ሙዳዩስ ሣር ነው፣ ይቃጠላል። ዶቃው ግን ብርጭቆ ነው። የእንጨት እሳት ያጠቁረዋል፣ ይሰነጥቀዋል እንጂ አመድ አያደርገውም። ስለዚህ እዚያው የሆነ ቦታ አፈር ውስጥ አለ ማለት ነው። ይሄ ሐሳብ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

ድሮ በንግድ ከሚመጣው የብርጭቆ ዶቃ መካከል የጣሊያኗ ከተማ የቬኒስና የቼኩ አገር የቦሄሚያ ሥራ ነበረበት። ቬኒስ ምድጃቸው ከተማዋን እንዳያቃጥል ፈርታ በ1291 እ.ኤ.አ. ብርጭቆ ሠሪዎቿን ሙራኖ ወደሚባለው ደሴት አዛውራለች። እዚያ ዶቃ የሚሠራ ሰው አንዲት ሴትዮ ሥራውን ይዛ ስለ ልጆቿ ትለምንበታለች ብሎ መቼ ያስባል! ዶቃውን ጨሌ ያደረጉት እነ እምዬ ናቸው። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ፣ የትኛው ቀለም ስለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሙዳዩ ሲወጣ ይሄን የጠየቃት ሰው የለም። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የዶቃው መሄድ ሌላ፣ የእውቀቱ መሄድ ሌላ።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ የእምዬ ጨሌ ላይ መጀመሪያ ቀዩ ነበር ወይስ ጥቁሩ?»

ዝም አለች። ከዚያ «ምን አስታወሰሽ ደግሞ በዚህ ማታ? በስመ አብ በዪና ተኚ» አለችኝ። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። ቆየት ብላ «አረንጓዴም ነበረው» አለች።

እናቴን አልፈርድባትም። ልጆቿ ክፉ እንዳይነካቸው የፈራች እናት ናት። እምዬም የምትለምነው ያንኑ ነበር። ሁለቱም ስለ እኛ ነው የተጨነቁት፤ አንዷ ይዛ፣ አንዷ ጥላ።

አሁን አረንጓዴው የት ላይ እንደሚገባ ማን ይነግረኛል? አገር ቤት የእናቴ ታላቅ አሉ። እሳቸው ሲታሰር በዓይናቸው አይተዋል፣ ምናልባትም ክሩን ይዘውላታል። ግን ከቆረቡ ወዲህ ይሄ ነገር ፊታቸው አይነሳም። ለመስቀል ስወርድ ልጠይቃቸው? ብጠይቃቸውስ፣ እንደ ጌጥ ሠሪ ነው የምጠይቃቸው ወይስ እንደ እምዬ ልጅ?