«ካርዱስ?»

ኅዳር 2014 መጨረሻ ላይ፣ ጦርነቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ ገለል ሲል ወደ ሥራ ተመለስን። የምሠራው ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ነው፣ ፋርማሲ። የቀረን ግድግዳው ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። የላብራቶሪው ዕቃ፣ የመድኃኒት ፍሪጁ፣ ፍራሹ ሳይቀር የለም። ያልተወሰደው ተሰባብሯል።

ስብሰባ ተቀመጥን። ወሬው ሁሉ ስለ ማሽን ነው። አልትራሳውንድ፣ ኦክስጅን፣ ኤክስሬይ። ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። (ደብዳቤ መጻፍ እኛ ጋ መቼም ቸግሮ አያውቅም።) የካርድ ክፍሉ ጋሼ ግን እጃቸውን አነሱና «ካርዱስ?» አሉ። የታካሚው ካርድ ወለል ላይ ተበትኖ በእግር ተረግጧል፤ ገሚሱ ማገዶ ሆኗል።

«እሱ ይደርሳል ጋሼ» አልናቸው።

«የስኳሩ፣ የሚጥሉ፣ የግፊቱ በሽተኛ ነገ በር ላይ ነው። ምን ልትሰጡት ነው?»

እውነትም መጡ። አንዲት እናት ከኩታበር በኩል ልጃቸውን ይዘው መጥተዋል፤ የሚጥል በሽታ አለበት። የትኛውን መድኃኒት ነበር የሚወስደው ብላቸው «ነጯን ናት እኮ ልጄ፣ ወላሂ ነጯን» አሉኝ። መደርደሪያው ሞልቶ ቢሆን እንኳ ግማሹ ክኒን ነጭ ነው!

ጋሼ በመስጊዱም በቤተክርስቲያኑም አስነገሩ፤ ታካሚ ሁሉ ቤቱ ያለውን ወረቀት ይዞ ይምጣ። የቀጠሮ ካርድ፣ የድሮ ማዘዣ፣ ባዶ ብልቃጥ በፌስታል፣ በመቀነት ጫፍ ተቋጥሮ መጣ። ጋሼ በተማሪ ደብተር መዘገቡት። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱት ሰልፍ ላይ እንዳይታዩ ነርሷ በጓሮ በር፣ ለብቻ ታስገባቸው ነበር። ይሄን ማንም አላዘዛትም።

የደብተሩ ጥቅም የገባኝ ኢንሱሊን ላይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። እኛ ፍሪጅ የለንም፣ መብራቱም አይታመንም። ብዙ አምጥቶ ማከማቸት ማለት መድፋት ነው። ስም ዝርዝር ስለነበረን ግን ማን መቼ እንደሚያልቅበት እያየን ትንሽ ትንሽ አስመጣን። «ስንት ታካሚ አላችሁ?» ሲባልም በግምት አልመለስንም።

በሚቀጥለው ስብሰባ የጥያቄያችን ቅደም ተከተል ተለወጠ። ፍሪጅ፣ ጄኔሬተር፣ ለካርድ ክፍሉ መደርደሪያና ቁልፍ። አልትራሳውንዱ አራተኛ ላይ ወረደ። የማህፀን ሐኪማችን በዚህ አኩርፎን ነበር። ምጥ ደብተር አይጠብቅም ይላል። እሱም እውነት አለው።